የአድማጭ ስልክ በቀጥታ ስርጭት፦ አነስተኛ ኤፍኤም ጣቢያ በምን ይጀምር?

ገደል_ማሚቶ
ሰላም ለመድረኩ። በአንድ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያ በሳምንት አንድ ቀን፣ ማታ ከ1 እስከ 2 ሰዓት፣ ስለ ወረዳው አገልግሎት አድማጭ እየደወለ የሚወያይበት ዝግጅት ሊጀመር ነው። ያለው ባለ 8 ቻናል ሚክሰር (ድምፅ መቀላቀያ)፣ ሁለት ማይክ፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ስማርት ስልክ ነው። የስልክ ሃይብሪድ (ስልክን ከሚክሰር ጋር የሚያገናኝ ዕቃ) የለም፣ በጀትም ገና ነው። ሠራተኛው ሦስት ሰው ነው፦ አቅራቢ፣ አዘጋጅና ቴክኒሽያን። ስልኩ ከሚክሰሩ ጋር እንዴት ይገናኝ? ስድብና ስም ማጥፋት ሳያልፍ እንዴት ይያዝ? ደዋይን ማጣራትስ አፈና አይሆንም ወይ? በዝርዝር የምታውቁ ብትጽፉልን።

ፌደር_7
ከሽቦው ልጀምር። ደዋዩ የአቅራቢውንና የእንግዳውን ድምፅ መስማት አለበት፤ የራሱን ግን መልሶ መስማት የለበትም። የራሱ ድምፅ ከተመለሰለት መጀመሪያ ማሚቶ ይሰማል፣ ቀጥሎ ፉጨት ይነሳል፣ ሰውየውም ግራ ገብቶት ዝም ይላል። ስለዚህ ወደ ስልኩ የሚላከው ድምፅ ከሚክሰሩ ዋና መውጫ ሳይሆን ከኦክስ መውጫው (የትኛው ቻናል በምን ያህል እንደሚላክ ለብቻ ከሚመረጥበት ተጨማሪ መውጫ) ነው የሚወሰደው።

ስልኩን በቻናል 5 አስገቡት እንበል። ከኦክስ 1 መውጫ አንድ ገመድ ወደ ስልኩ የማይክ መግቢያ ይሂድ። በሁለቱ ማይኮችና በኮምፒውተሩ ቻናል ላይ የኦክስ 1ን ቁልፍ ክፈቱ። በቻናል 5 ላይ ግን ዜሮ ላይ ይቆይ፣ ሰው እንዳይነካው በፕላስተር ሸፍኑት። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው።

አሁን የሚያስቸግረው ክፍል። የስልኩ ባለ አራት ንክኪ ጃክ ከጫፉ ጀምሮ ግራ ድምፅ፣ ቀኝ ድምፅ፣ ግራውንድ፣ ማይክ ነው። በአንዳንድ የቆዩ ስልኮች የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ይገላበጣሉ፤ ሄድፎን ሲሰካ ድምፁ ቀጥኖና ርቆ ከተሰማ እሱ ነው። የማይክ መግቢያው የሚፈልገው ጥቂት ሚሊቮልት ነው፣ ከኦክስ የሚወጣው ግን ወደ 1 ቮልት ይጠጋል። በቀጥታ ከተገናኘ ደዋዩ የሚሰማው የተቀደደ ድምፅ ነው። በመካከል 40 ዴሲቤል የሚቀንስ ነገር ያስፈልጋል፦ በመስመሩ ላይ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ከእሱ በኋላ ወደ ግራውንድ 100 ኦም ሬዚስተር። ይህን ግን ያለ ካፓሲተር ከስልኩ ጋር አታገናኙ። ስልኩ በማይክ ሽቦው ላይ የራሱን ቮልቴጅ ስለሚልክ፣ 100 ኦሙን ሲያይ የጆሮ ማዳመጫው ቁልፍ የተጫነ ሊመስለው ይችላል። ያን ጊዜ ጥሪ ይዘጋል ወይም ድምፅ ይቀንሳል። ከ1 እስከ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በመካከል ይግባ፤ በስልኩ በኩል ደግሞ በማይኩና በግራውንዱ መካከል 2.2 ኪሎ ኦም ይደረግ። ስልኩ «ማይክ አለ» ብሎ የሚቀበለው በዚያ ነው።

ኦክሱ ከፌደር (የቻናሉን ድምፅ ከሚከፍተውና ከሚዘጋው ተንሸራታች) በፊት ይሁን ወይስ በኋላ? ከፌደር በፊት ቢሆን ይሻላል፤ ፌደሩ ሳይከፈትም አቅራቢው ደዋዩን ሊያነጋግረው ይችላል። ዋጋው ግን አለው፦ ሙዚቃ እየሄደ ስቱዲዮ ውስጥ የሚወራውን ሁሉ በመስመር ላይ ያለው ደዋይ ይሰማዋል። እንግዳው ገና ሲቀመጥ ይህ ይነገረው።

ሌላው ትር-ር-ር የሚለው ድምፅ ነው። ስልኩ ወደ 2ጂ ሲወርድ በሰከንድ 217 ጊዜ ያህል እየተቆራረጠ ስለሚያሰራጭ በአካባቢው ባለ ገመድ ሁሉ ይገባል። ስልኩን ከማይክ ገመዶች ቢያንስ አንድ ሜትር አርቁት፣ ከተቻለ በ3ጂ ወይም በ4ጂ ላይ ቆልፉት፣ ገመዱም ባላንስድ (ከውጭ የሚገባ ጫጫታን የሚቀንስ ዓይነት) ይሁን። ቻርጀር ላይ ሆኖ «ሙ-ም» የሚል ከሆነ ደግሞ በቻርጀሩና በሚክሰሩ ግራውንድ መካከል ቀለበት ተፈጥሯል ማለት ነው። በባትሪ ይሠራ፣ ወይም ማግለያ ትራንስፎርመር ይግባ።

ሽቦ_አልባ
በብሉቱዝ አይሆንም ወይ?

ፌደር_7
ሚክሰሩን ማየት ነው። ብዙዎቹ ብሉቱዝ ያላቸው ሚክሰሮች ከስልኩ ሙዚቃ ይቀበላሉ እንጂ ድምፅ ወደ ስልኩ አይመልሱም፤ ደዋዩ አቅራቢውን አይሰማውም። እንደ ሮድካስተር ያሉት ለዚሁ የተሠሩ ናቸው፣ ወደ ደዋዩ ከሚመለሰው ላይም የራሱን ድምፅ ራሳቸው አውጥተው ነው የሚልኩት። ያለው ሚክሰር ተራ ከሆነ ገመዱ ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ተራ የስልክ ድምፅ ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ድረስ ብቻ ነው የሚይዘው። ትሬብሉን (ቀጭኑን ድምፅ) ብትጨምሩ የሚጨምረው ጫጫታ እንጂ ንግግር አይደለም። የታችኛውን መቁረጫ ቁልፍ ተጫኑ፣ መካከለኛውን 2.5 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ በ3 ዴሲቤል ከፍ አድርጉ፤ ከዚያ በላይ አትልፉ።

ሚዛን
ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። ስድብና ስም ማጥፋት የሚያዘው በማዘግያ ነው፤ በሙያው ዲሌይ የምንለው። ስርጭቱ ከ7 እስከ 10 ሰከንድ ዘግይቶ ይወጣል፤ መጥፎ ነገር ሲነገር ቁልፍ ይጫናል፣ ያልወጡት ሰከንዶች ይጣላሉ። ለዚሁ በተሠራ ዕቃም በኮምፒውተር ፕሮግራምም ይሆናል። በኮምፒውተር ከሆነ መብራት ሲሄድ ወይም ኮምፒውተሩ ሲቆም ጣቢያው ዝም እንዳይል፣ ከሚክሰሩ በቀጥታ ወደ ማሰራጫው የሚያልፍ መቀያየሪያ በእጅ ይኑር። ዩፒኤስም (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው) የግድ ነው።

ስህተት የሚበዛባቸውን ልዘርዝር።

ቁልፉን የሚጫነው ሰው ይዘገያል። ስድብ መሆኑን ለማመን ሁለት ሰከንድ፣ ለመወሰን ሦስት ሰከንድ ይወስድበታል። ስለዚህ ደንቡ «ከተጠራጠርክ ተጫን» ነው፤ ሲጫንም አቅራቢውን ማስፈቀድ የለበትም። የአቅራቢው ጆሮ ንግግሩ ላይ ስለሆነ ቁልፉ የቴክኒሽያኑ ነው።

ከተጫነ በኋላ አቅራቢው የተባለውን መድገም የለበትም። «እገሌን ሌባ ማለት ተገቢ አይደለም» ካለ፣ ከአየር ላይ የተጣለው ቃል በራሱ አፍ ወጣ ማለት ነው። «ጥሪው ተቋርጧል፣ ወደ ሚቀጥለው ደዋይ እንሂድ» ይበቃል።

አንዴ ከተጣለ በኋላ ማዘግያው ባዶ ነው። እንደገና እስኪሞላ ድረስ ጥበቃ የለም፤ አንዳንዱ ዕቃ ንግግሩን በትንሽ በትንሹ እያዘገየ ይሞላል፣ ጊዜም ይወስዳል። ቀላሉ መንገድ ልክ የማዘግያው ርዝመት ያለው መለያ ሙዚቃ አዘጋጅቶ ማስገባት ነው። እስኪያልቅ ድረስ ደዋይ አይገባም።

የአቅራቢው ሄድፎን ደግሞ ከሚክሰሩ እንጂ ከሬዲዮ መቀበያ አይሁን። የራሱን ድምፅ ከ8 ሰከንድ በኋላ እየሰማ መናገር የሚችል ሰው የለም። በሰዓቱ ዜና የምታስተላልፉ ከሆነም ከዜናው በፊት ከማዘግያው መውጣት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የዜናው መጀመሪያ ይቆረጣል።

ደዋዩም ሬዲዮውን ሙሉ በሙሉ ይዝጋ። ድምፁን መቀነስ አይበቃም፣ ጆሮው ወደዚያው ይሄዳል። በኢንተርኔት የሚከታተል ከሆነማ ልዩነቱ ከግማሽ ደቂቃ ሊበልጥ ይችላል።

የምሽት_ሰዓት
ከማዘግያው ይልቅ የሚያድነው ስልክ የሚያነሳው ሰው ነው። ብዙ ጣቢያ ጎበዙን ሰው ማይክ ላይ ያስቀምጥና ስልኩን ለተለማማጅ ይሰጣል። ይህ መገልበጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። አየር ላይ የሚበላሸው ጥሪ ዘጠኝ ጊዜ ከአሥሩ ስልኩ ሲነሳ የሚታወቅ ነው፦ ሰውየው ጠጥቷል፣ ወይም የሚናገረው ስለ ዛሬው ጉዳይ አይደለም፣ ወይም ከጎረቤቱ ጋር የመሬት ክርክር አለው።

አፈና ነው ወይ ለሚለው፦ ማጣሪያው አቋምን የሚመለከት ከሆነ አዎ፣ አፈና ነው። መመዘኛው ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ጉዳዩ የዛሬው ነው ወይ፣ ራሱ ያየው ነው ወይ የሰማው፣ ድምፁ ይሰማል ወይ፣ ስም ጠርቶ የሚከስሰው ሰው አለ ወይ፣ በእነዚህ ብቻ ይመዘን። ወረዳውን የሚያመሰግንም የሚወቅስም በዚሁ ሚዛን ይለፍ። እንዲያውም አጣሪው የተለያየ ሐሳብ ያላቸውን ማፈላለግ አለበት። ሦስት ሰው ተከታትሎ አንድ ዓይነት ነገር ከተናገረ አራተኛው አድማጭ ጣቢያ ይቀይራል።

ስልክ ሲነሳ የሚጠየቀው ይህ ነው፦

«እንደምን አመሹ፤ ምን ብለን እንጥራዎ? ከየት አካባቢ ነው? ሊነግሩን የፈለጉትን ባጭሩ ይንገሩኝ። በራስዎ ላይ የደረሰ ነው ወይስ የሰሙት? በስም የሚጠቅሱት ሰው አለ? መኪና እየነዱ ነው?»

የሚነዳ ከሆነ ጥግ ይዞ እስኪያቆም አይገባም። ስም የሚጠቅስ ከሆነ «የመሥሪያ ቤቱን ስም ይጥሩ፣ የሰው ስም ግን አይጥሩ» ይባላል፤ «እሺ» ማለቱም በወረቀቱ ላይ ይመዝገብ። አዛውንት ከሆኑ፣ ወይም አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ከሆነ፣ አትቸኩሉባቸው። የተሻለውን ምስክርነት የሚሰጡት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው።

ወረቀቱ ለአቅራቢው የሚደርሰው በአንድ መስመር ነው፦ «ወ/ሮ እገሊት፣ ቀበሌ 03፣ ውሃ ለ15 ቀን አልመጣም፣ ቢሉ ግን መጥቷል፣ ረጋ ያሉ»። የመጨረሻዋ ቃል ለአቅራቢው ብዙ ትነግረዋለች። ረጋ ያለውን ጥያቄ ይጠይቀዋል፣ የተቆጣውን መጀመሪያ ያዳምጠዋል።

ገደል_ማሚቶ
ስልኩ አንድ ነው። አጣሪው እያነጋገረበት እንዴት አየር ላይ ይዋላል?

የምሽት_ሰዓት
ሁለተኛ ስልክ ግዙ፤ ተራ ባለ ቁልፍ ስልክ ይበቃል። ለሕዝብ የሚነገረው ቁጥር የዚያ ስልክ ነው፣ አጣሪው በሌላ ክፍል ይዞት ይቀመጣል። ከሚክሰሩ ጋር የተገናኘው ስማርት ስልክ ቁጥር ለማንም አይሰጥም። እሱ የሚደውል እንጂ የሚደወልለት አይደለም። አጣሪው ስም፣ ጭብጥና ቁጥር መዝግቦ ይዘጋል፤ ተራው ሲደርስ ቴክኒሽያኑ መልሶ ይደውላል። አድማጩም ለወረፋ ሒሳብ አይቆጠርበትም። በእኛ አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ 20 ደቂቃ መስመር ላይ ጠብቁ የሚባል ሰው በሚቀጥለው ሳምንት አይደውልም።

የቁጥሩም ማረጋገጫ ነው። መልሰህ ስትደውል የማያነሳ ሰው ለቀልድ የደወለ ይሆናል።

ቀጥታ_መስመር
እዚህ ላይ አልስማማም። መልሶ መደወል በሁለት ደዋይ መካከል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ክፍተት ይፈጥራል፣ ጥሪው ካልተያዘም አቅራቢው ሲያወራ ይቀራል። ደግሞ አዘጋጁ የሚወዳቸውን እየመረጠ ይደውላል የሚል ጥርጣሬ ያመጣል። ቢያንስ የመጨረሻው 10 ደቂቃ ያለ ምርጫ፣ በደወሉበት ተራ ይሁን።

የምሽት_ሰዓት
ክፍተቱ የሚመጣው ዘግይቶ ከተደወለ ነው። የአሁኑ ደዋይ ተሰናብቶ እንግዳው መልስ ሲጀምር ቴክኒሽያኑ ቀጣዩን ይደውላል፤ ፌደሩ ግን ዝግ ነው። እንግዳው አንድ ደቂቃ ሲናገር ደዋዩ መስመር ላይ ሆኖ ያዳምጣል። የመጨረሻውን 10 ደቂቃ ክፍት ማድረጉ ግን ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ማዘግያው ሙሉ ከሆነ።

ሞገድ_ጠባቂ
ስለ ሰዓት አደላደል። ማስታወቂያና ዜና 8 ደቂቃ ከወሰደ 52 ደቂቃ ይቀራል። መግቢያ 3፣ እንግዳው ጉዳዩን ሲያስረዳ 9፣ አሥር ደዋይ በሁለት ደቂቃ ተኩል 25፣ የእንግዳው መልስ 12፣ መዝጊያ 3። እንግዳው ለእያንዳንዱ ደዋይ ከመለሰ ግማሹ ሰዓት በእሱ ያልቃል፣ ሦስት ደዋይ እያጠራቀማችሁ አስመልሱ። እንግዳውን በ9 ደቂቃ ማስቆም ካልቻላችሁ ከአሥሩ ደዋይ ስድስቱን ብቻ ታስተናግዳላችሁ፤ ባለሥልጣን ስለ ዕቅድ አፈጻጸም መናገር ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። «በመቶኛ ሳይሆን በሰፈር ይንገሩን፤ የትኛው መንደር ደረሰው?» የምትለዋ ጥያቄ ትመልሰዋለች።

ርዕሱን አጥብቡት። «የውሃ ችግር» ርዕስ አይደለም፤ ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ሁሉም ያማርራል። «በፈረቃው ሰሌዳ መሠረት ውሃ በተባለበት ቀን መጥቶልዎታል?» ርዕስ ነው፣ ደዋዩ አዎ ወይም አይደለም ብሎ ቀኑን ይናገራል። ማዳበሪያም እንዲሁ፦ «መቼ ተመዘገቡ፣ መቼ ደረሰዎት፣ በስንት ብር?»

እንግዳ መጥራት በስልክ አይሆንም። ማህተም ያለው ደብዳቤ ይጻፍ፣ ጥያቄዎቹ በአባሪ ይያዙ፣ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይቀበል። ቢያንስ ከአምስት የሥራ ቀን በፊት። ሳይመጡ ከቀሩ የደብዳቤው ቀንና ቁጥር በአየር ላይ ይነገራል፣ ጥያቄዎቹ ይነበባሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት መልስ የመስጠት ዕድል እንዳላቸው ይገለጻል። ከዚያ በላይ አስተያየት አያስፈልግም። ወንበሩ ባዶ መሆኑን አድማጩ ራሱ ይረዳዋል።

ማህደር
ሕጉን በተመለከተ ማወቅ የሚገባው፦ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013፣ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። ሦስቱም ታትመው ስቱዲዮ ውስጥ ይኑሩ። «የተናገረው ደዋዩ ነው» የሚለው መከራከሪያ ጣቢያውን ያድናል ብላችሁ አትተማመኑበት፤ ያሰራጨው ጣቢያው ነው። ብሔርን ወይም ሃይማኖትን ለይቶ የሚያጠቃ ንግግር ሲነሳ ቁልፉ ወዲያው ይጫን። ስሙ የተነሳ ሰው ወይም መሥሪያ ቤት መልስ እሰጣለሁ ካለ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ዝግጅት ይስተናገድ።

የደዋዮቹ ቁጥር የግል መረጃ ነው። ለእንግዳው አይሰጥም፣ «ላገኛቸውና ልፈታላቸው» ቢልም። ደዋዩ ራሱ ከፈቀደ ብቻ፣ ፈቃዱም ይመዝገብ።

የስርጭቱ ቅጂ ሙሉውን ይያዝ። በ64 ኪሎ ቢት ሞኖ ኤምፒ3 አንድ ሰዓት 29 ሜጋ ባይት ገደማ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ብትቀዱ ወደ 690 ሜጋ ባይት፣ ለ90 ቀን 62 ጊጋ ባይት ያህል። አንድ ርካሽ ሃርድ ዲስክ ይችለዋል። ክስ ወይም ቅሬታ ሲመጣ በእጃችሁ ያለው ማስረጃ ይኸው ብቻ ነው። የሚቀዳው ከማዘግያው በኋላ ያለው መሆኑን አረጋግጡ፤ አለበለዚያ የተጣለውንም ስድብ እንዳሰራጫችሁ የሚመስል ቅጂ ይዛችሁ ትገኛላችሁ።

አንድ የማይታለፍ ነገር፦ ደዋይ «አሁን እዚህ ተኩስ አለ»፣ «እዚህ ሰፈር ሕፃን ተሰረቀ» ካለ አየር ላይ አይገባም። አጣሪው ይመዝግብ፣ ከሌላ ሰውና ከፖሊስ ይጠይቅ። በወሬ ሰው ይሞታል።

እንኮዬ
ስለ ሴቶች ማንም አላነሳም። ቁጥሩን ዝም ብላችሁ ካስተዋወቃችሁ የሚደውለው ከሞላ ጎደል ወንድ ነው። ማታ 1 ሰዓት ሴቶቹ ራት እየሠሩ ነው፤ በብዙ ቤት ስልኩም በባል ኪስ ነው። የተሞከረና የሚሠራ መንገድ አለ፦ ለሴቶች ብቻ የተለየ ቁጥር መስጠት፣ ስልኩን ሴት እንድታነሳ ማድረግ፣ ዝግጅቱን ቀን 9 ሰዓት ላይ መድገም። ካርድ ለሌላቸው ሚስኮል ይበቃል፤ ጣቢያው መልሶ ይደውላል። ለምርጫ ጥያቄም ይሆናል፦ «መጥቶልኛል» የምትሉ በዚህ ቁጥር፣ «አልመጣልኝም» የምትሉ በዚያኛው ሚስኮል አድርጉ። ሲቆጠር ግን «ከደወሉት መካከል» ተብሎ ይነገር እንጂ «የወረዳው ሕዝብ» አይባል።

የተደፈረች ሴት ወይም ልጅ ጉዳይ በቀጥታ አይሰማም። ሰፈሩንና ትምህርት ቤቱን መናገር ብቻ ማንነቷን ያጋልጣል።

ባሕር_ማዶ
ከአገር ውጭ ያሉትን አትርሱ፤ የወረዳው ልጆች ሳዑዲና ቤይሩት አሉ፣ ዝግጅቱንም በቴሌግራም ያዳምጣሉ። የሳዑዲ፣ የኩዌትና የኳታር ሰዓት ከእኛ ጋር እኩል ነው፣ ኤምሬትስ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ዋሽንግተን እንደ ወቅቱ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ስለምትዘገይ የእናንተ ማታ 1 ሰዓት እዚያ የሥራ ሰዓት ነው። በሰው ቤት የሚሠሩትን በቀጥታ አታስገቧቸው፣ አሠሪያቸው ሊሰማ ይችላል። የድምፅ መልእክት ይላኩ፣ ቢበዛ አንድ ደቂቃ ተኩል፤ አዘጋጁ ከተማውን፣ የአሠሪውን ስምና ደላላውን ቆርጦ ያውጣ። ፋይሉ ከኮምፒውተር ይጫወት። ስልክን ስፒከር ላይ አድርጎ ወደ ማይክ ማስጠጋት ንግግሩን ያበላሸዋል።

ሞገድ_ጠባቂ
የቅሬታ መዝገብ ጨምሩ። ቀን፣ አካባቢ፣ ጉዳይ፣ የተላከበት መሥሪያ ቤት፣ የደብዳቤ ቁጥር፣ መልስ። በየሳምንቱ መግቢያው 3 ደቂቃ ላይ ባለፈው ከተነሱት ሦስቱ የት እንደደረሱ ይነገር። ያልተፈታውም «አልተፈታም» ተብሎ ይነበብ። ይህ ከሌለ ዝግጅቱ በሁለት ወር ውስጥ የብሶት ማስተንፈሻ ይሆናል፣ ሰውም ይሰለቸዋል። እኔን ብትጠይቁኝ ሃይብሪዱም ማዘግያውም ከመዝገቡ በኋላ ነው የሚመጡት።

ፌደር_7
ቁጥሩን ከማስተዋወቃችሁ በፊት ማሰራጫውን ዘግታችሁ ሙሉ ሰዓቱን ተለማመዱ። አንድ ሰው ከገበያ፣ አንድ ሰው ሬዲዮ በተከፈተበት ቤት፣ አንድ ሰው ኔትወርክ ከሚቆራረጥበት ሰፈር፣ አንዱም ከሌላኛው የቴሌኮም ድርጅት መስመር ይደውሉላችሁ። አንዱ ሆን ብሎ ይሳደብ፣ ሌላው ጥያቄ ሲጠየቅ ዝም ይበል። ዋናውን መብራት አጥፉና ዩፒኤሱ ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ ለኩ። በስማርት ስልኩ ላይ ማንቂያው፣ መልእክቱና ሁለተኛ ጥሪ ማሳወቂያው መዘጋታቸውን እዩ። ቅጂውን ሦስታችሁም አብራችሁ አዳምጡት፤ የደዋዩ ድምፅ ከአቅራቢው በጣም የሚያንስ ከሆነ የቻናል 5ን ጌይን (የመግቢያ ድምፅ መጠን) ጨምሩ እንጂ አቅራቢውን «ድምፅህን ቀንስ» አትበሉት።

ገደል_ማሚቶ
እጅግ አመሰግናለሁ። ባለ ቁልፍ ስልኩና ተጨማሪው ሲም ነገ ይገዛሉ። 2.2 ኪሎ ኦሙ ሩብ ዋት ቢሆን ይበቃል?

ፌደር_7
ከበቂ በላይ ነው። ካፓሲተሩ ኤሌክትሮላይቲክ ከሆነ ፖዘቲቩ ወደ ስልኩ በኩል ይዙር።